እማዬን ይዤ ስካጂት፦ ቱሊፕ ለማየት ለምታስቡ

ሲያትል መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ሲገባ ስልኬ በቱሊፕ ፎቶ ይጥለቀለቃል። የሥራ ባልደረባ፣ የሰፈር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፎቶ ነው የሚለጥፈው። አንድ መስመር ቀይ፣ አንድ መስመር ቢጫ፣ መሃል ላይ ጥርሱን ያሳየ ሰው። እኔ ግን ቱሊፑ ወደሚተከልበት ስካጂት ሸለቆ ገና ዘንድሮ ነው የሄድኩት። እስካሁን ለምን ቆየሽ ካላችሁኝ፣ አበባ ሰልችቶኝ ነው።

አትሳቁ። ሆለታ አካባቢ ያለ የጽጌረዳ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ግሪን ሀውስ ውስጥ ቆራጭ ነበርኩ፣ ኋላ ፓክሀውስ፣ ማሸጊያው ቤት፣ ገብቼ ግሬዲንግ ላይ ቆምኩ፣ አበባውን በቁመት መለየት ማለት ነው። ባለ 40 ሳንቲሙን ለብቻ፣ ባለ 50ውን ለብቻ፣ ባለ 60ውን ለብቻ። ከዚያ ሃያ ሃያውን አንድ ቦንች። ቫለንታይን ሲደርስማ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እንደዚያ ከርሜ የመጣሁ ሰው ደግሞ ዶላር ከፍዬ አበባ ላይ?

ዘንድሮ ግን እማዬ መጣችልኝ። የሲያትልን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አንድ ወር ሙሉ በመስኮት ስታይ ቆየችና አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ልሻግት እንዴ?» አለችኝ። በማግስቱ ቲኬት ቆረጥኩ። ታክሲ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜም የአንድ ቀን ገቢውን ሰውቶ ሊነዳልን ተስማማ። መስዋዕትነቱን እስክንመለስ ድረስ አራት ጊዜ አስታውሶናል።

የሄድነው ማክሰኞ ነው። ይሄን አስምሩበት። ከሲያትል በአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን 60 ማይል ገደማ ነው፤ ኤቨረትን፣ ሜሪስቪልን አልፋችሁ ማውንት ቨርነን ላይ ትወጣላችሁ። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን (በእማዬ ሰዓት ነው የምነግራችሁ፣ እሷ የሰዓት አቆጣጠሯን አልቀየረችም) ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደርሰናል። አንዲት ጓደኛዬ ቅዳሜ ሄዳ ከዋናው መንገድ ከወጣች በኋላ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። የገጠር መንገድ ነው፣ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም። ልጆች ካሏችሁና ከቅዳሜና እሑድ ሌላ ቀን ከሌላችሁ በጠዋት ሂዱ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ከቤት ለመነሳት ካሰባችሁ ተዉት፣ ተኙ።

ሸለቆው ራሱ ደስ ይላል። እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በስተሰሜን ምሥራቅ በረዶ የለበሰው ቤከር ተራራ ይታያል፣ ደመና ከሌለ። እኛ ዕድለኞች ነበርን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተገልጦልን ነበር። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ትክ ብላ አየችና፣ «በረዶው ባይኖር መናገሻ ነው የምለው» አለች። እውነቷን ነው። ሜዳው ሆለታ ዙሪያ ካለው የወልመራ ሜዳ ብዙም አይለይም። ጥቁር አፈር፣ ቦይ፣ እዚህም እዚያም የእርሻ ቤት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። የስካጂት ቱሊፕ ፌስቲቫል አንድ ግቢ አይደለም። አንድ በር፣ አንድ አጥር የለውም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ኤፕሪልን ሙሉ፣ ከወሩ 1 እስከ 30፣ ሸለቆው በሙሉ ፌስቲቫል ነው ማለት ነው። ውስጡ የተለያዩ እርሻዎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቲኬት አለው። የአንዱን ገዝታችሁ በሌላው በር ብትቆሙ አያስገቧችሁም። ወንድሜ ሊያስረዳው የሞከረ አንድ አባወራ አይተናል፣ አምስት ልጅ ይዞ፣ የሌላ እርሻ ቲኬት በስልኩ እያሳየ። አንጀቴን በላው።

ሌላው፣ አበባው ካላንደር አያነብም። ክረምቱ ከሞቀ ቀድሞ ይፈነዳል፣ ከበረደ ይዘገያል። ኤፕሪል 1 ሄዳችሁ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። መጨረሻ ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እርሻዎቹ አበባው ምን ላይ እንደደረሰ በየድረ ገጻቸው ይጽፋሉ። ያንን ሳታዩ ቲኬት አትግዙ። ካርታውንም ያምናውን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቱሊፕ አንድ መሬት ላይ በየዓመቱ አይተከልም፣ በሽታ ይይዘዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ማሳ ይቀይራሉ፣ ያምናው ማሳ ላይ ዘንድሮ ድንች ልታገኙ ትችላላችሁ። ይሄን ለእማዬ ስነግራት አልደነቃትም። «ባቄላና ስንዴ እንደማፈራረቅ ነዋ» አለች። የሆለታ ገበሬ ልጅ ናት፣ በዚህ አትታለልም።

የመረጥነው ሮዘንጋርድ የሚባለውን እርሻ ነው። ቤተሰቡ ከሆላንድ የመጣ ነው። አባትየው በ1947 አሜሪካ ገብቶ ነው ይሄን ሁሉ የጀመረው። ግቢው ውስጥ የንፋስ ወፍጮ አለ፣ የሁሉም ሰው ፎቶ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ቲኬቱ ለሰው ከ15 እስከ 20 ዶላር መካከል ነው፣ እንደ ቀኑና እንደ ዓመቱ ይለዋወጣል፣ የሥራ ቀን ይረክሳል። ለመኪና ማቆሚያ ለብቻ አልከፈልንም።

መጀመሪያ የምትገቡት አትክልት ቦታው ውስጥ ነው። በየመኸሩ በእጅ እንደ አዲስ ነው የሚተከለው፣ ስለዚህ የዘንድሮው ንድፍ ያምናው አይደለም። እዚህ ቆንጆ ነው፣ ምንም አልልም። ጫፉ የተዘነጣጠለ አለ፣ እንደ ጎመን የተደራረበ አለ፣ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ሐምራዊ አለ። እማዬ ጥቁሩ ጋ ቆመች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ምንም የለውም» አለች። ቢጫውን አሸተተች፣ ያም ምንም የለውም። ወንድሜ «ፕላስቲክ ነው» ብሎ ሊያሾፍ ሲል አንዱ ብርቱካናማ ላይ ደረሰችና ፊቷ በራ። ብዙው ቱሊፕ ሽታ የለውም፣ ብርቱካናማዎቹ መሃል ግን ትንሽ ማር ማር የሚሉ አሉ። ከዚያ በኋላ እኛ ፎቶ ስናነሳ እሷ ብርቱካናማ እየፈለገች ታሸት ነበር።

መንገዱ ለእማዬ ጉልበት ተስማምቷታል። ማረፊያ ወንበርም አለ። ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሩ ላይ ቁጭ ስትል አንዲት ፈረንጅ መጥታ ፎቶ ላንሳት ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። እማዬን ጠየቅኳት። «ታንሳ፣ ግን ትላክልኝ» አለች። ላከችላት። ካነሳናቸው ሁለት መቶ ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ግን እኔ የምነግራችሁ ስለ አትክልት ቦታው አይደለም። ስለ ማሳው ነው።

ከአትክልቱ ጀርባ ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ ዋናው ማሳ ይመጣል። ዓይናችሁ እስኪደክም ቀይ ነው። ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ቢጫ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ሁሉም አፉን ከፍቷል። ቱሊፕ ጠዋትና ማታ ይዘጋል፣ ሲሞቀው ይከፈታል። እኔ ይሄን ሳይ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ውይ! አመለጣቸው!»

ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። ግን በእውነት ደነገጥኩ። ልቤ ምት ጨመረ። የአራት ዓመት ልማድ ነው። ሆለታ ጽጌረዳ የሚቆረጠው እምቡጥ እያለ ነው። ጫፏ ላላ ልትል ስትል፣ ቀለሟ ብቅ ሲል፣ ቀጭ። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ ቦሌ፣ ከዚያ አውሮፓ። የምትፈካው እዚያ በሰው ሳሎን ነው። ከፈካች አመለጠች ማለት ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ይጮሃል፣ አበባዋም ሪጀክት ትገባለች። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጽጌረዳ በእጄ እንዳለፈ አላውቅም። ፈክታ ያየኋት ግን የሚጣለው ክምር ላይ ነው። እና አሁን ያ ሁሉ ማሳ ፈክቶ ሳይ፣ ለእኔ አንድ ሸለቆ ሙሉ ሪጀክት ነበር።

መሸጫው ጋ ለቆመችው ሠራተኛ ይሄንኑ ብጠይቃት ሳቀች። ብዙው አበባ ለመሸጥ አይደለም አለችኝ። ለመሸጥ የሚቆረጠው ቀደም ብሎ፣ ልክ እንደኛው በእምቡጡ ይቆረጣል። ማሳ ላይ የሚቀረው የሚፈለገው ከመሬት በታች ላለው ነው። ቱሊፕ ሥሩ ሽንኩርት ይመስላል፤ ለዚያ ነገር ሌላ ስም ስለማላውቅለት ሽንኩርቱ እያልኩ ልቀጥል። ሽንኩርቱ ነው ገንዘቡ። አበባው ፈክቶ ከታየ በኋላ አናት አናቱን ይቆርጡታል፣ ዘር ወደማፍራት እንዳይሄድና ጉልበቱ ወደ ታች እንዲወርድ። ቅጠሉ ቆሞ ሽንኩርቱን ይመግባል። በጋ ላይ ይቆፈራል። ለዚህ ነው ዘግይቶ የሄደ ሰው ግንድ ብቻ የሚያገኘው።

ለእማዬ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ታዲያ ይሄ እንደ ድንች ነዋ» አለች። አዎ፣ እንደ ድንች ነው አልኳት። «እኛ አገር ድንች ሲያብብ ማን ቲኬት ሸጠ?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ግን እዚያው ቆምኩ። ወንድሜ «እንሂድ» እያለኝ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። ማንም የማይቸኩልበት አበባ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዱ ቀይ አጠገቤ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ውስጡ ጥቁርና ቢጫ ኮከብ የመሰለ ነገር ይታያል። እምቡጥ ላይ ብትቆርጡት ይሄን አታዩትም። አንድ ንብ ገብታ ብናኙ ውስጥ ተንከባለለችና ወጣች። ሆለታ እኛ ግሪን ሀውስ ውስጥ ንብ አይቼ አላውቅም።

ራቅ ብሎ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው እምቡጡን እየቆረጡ ነበር። ፍጥነታቸው! በግራ እጅ ይሰበስባሉ፣ በቀኝ ይቆርጣሉ፣ ላስቲክ ጠቅለል፣ ባልዲ። ቱሊፕ ሲታቀፉት ይጮሃል፣ ቅጠሉ ከቅጠሉ ሲታሸት እንደታጠበ ጎመን ሲጥ ሲጥ ይላል። ጎብኚው በሙሉ ለነሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ ያነሳል። አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። በ2022 ማርች ላይ፣ ፌስቲቫሉ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የዚህ ሸለቆ አበባ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ተደራድረው፣ ተስማምተው ተመለሱ። ጊዜውን አወቁበት። እኛ ለቫለንታይን ሳምንት ሲቀረው ብናቆም ኖሮ ብዬ አሰብኩ፣ ማሰብ ብቻ።

ስለ ጫማ። ማሳው ጭቃ ነው። የስካጂት ጭቃ የዋዛ አይደለም፣ ጫማ ያወልቃል። ፈረንጆቹ የላስቲክ ቦት ገዝተው፣ አበባ የተሳለበት፣ ከቀሚስ ጋር አዛምደው ነው የሚመጡት። እኔ ሆለታ ቦት የማደርገው ግዴታዬ ስለነበር ነው። አሁን ለጉብኝት ብዬ ገዝቼ ሳደርገው እማዬ፣ «ተመልሰሽ ሥራ ገባሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ይሁን እንጂ የሄድኩት በቦት ስለሆነ ተገላግያለሁ። ወንድሜ በነጭ ስኒከር ነው የመጣው፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። እግራቸውን የሚያማቸው አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ አትክልት ቦታው ይበቃቸዋል፣ ማሳውን ከዳር ያዩታል። መጸዳጃው የፕላስቲክ ተንቀሳቃሽ ነው፣ ንጹሕ ነበር፣ ሰልፉ ግን ረፋድ ላይ ይረዝማል። ውሻ አይገባም። መስመሮቹ መሃል መግባትም ክልክል ነው፤ አንዲት ወጣት ለፎቶ ገመዱን ዘላ ስትገባ ጠባቂው ከሩቅ ጮኸባት።

የምግብ ነገር ለእኛ ሰው ችግር ነው፣ በተለይ ፌስቲቫሉ ሁዳዴ ላይ ሲውል። ብዙ ዓመት ይውላል። ከእርሻው ውጪ መንገድ ዳር ከቆሙት የምግብ መኪኖች አንዱ ጋ ሄጄ ድንች ጥብስ ልግዛ አልኩ፣ ጾም ነው ብዬ። እማዬ ዘይቱን አየች። ዶሮው የሚወጣው ከዚያው ዘይት ነው። «አንቺ ብዪ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አለች፣ ይሄ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሥራ አራት ዶላር ከፍዬ የገዛሁትን ድንች ወንድሜ ብቻውን በላው፣ እሱም እርጥብ ነበር አለ። ደግነቱ እማዬ ማታውኑ ስንቅ ቋጥራ ነበር። የሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦ፣ ቡና በፔርሙዝ። የመኪናውን ኋላ ከፍተን እዚያው ቁጭ ብለን በላን። አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ቡናው ሲሸታቸው ዞር ዞር እያሉ ነበር፤ እማዬ አንድ ስኒ ሰጠቻቸው። ስንቅ ያዙ፣ ሌላ ምክር የለኝም።

አበባ ስለመግዛት ደግሞ የአራት ዓመት ባለሙያ ስሙ። የፈካ እንዳትገዙ። የሚገዛው እምቡጥ ሆኖ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴው ውስጥ ብቅ ያለው ነው። እኔ ሁለት እስር እንደዚያ አድርጌ ያዝኩ። ወንድሜ ግን «ይሄማ ገና ጥሬ ነው» ብሎ ስንመለስ መንገድ ዳር ካለ አንድ መሸጫ ወለል ብሎ የፈካ ገዛ። ሻጩ ሳምንት ይቆያል አለው። ኤቨረት ሳንደርስ የመኪናው ምንጣፍ ቀይ ሆነ። ተሳፋሪ ምን ይለኛል እያለ ሲለቅም አመሸ። የእኔዎቹ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ቀዝቃዛ ውኃ ስጧቸው፣ ከፀሐይ አርቋቸው፣ ዳፎዲል ከሚባለው አበባ ጋር አንድ ማስቀመጫ ውስጥ አትክተቷቸው፣ የሱ ፈሳሽ ይጎዳቸዋል። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ያድጋል። በሦስተኛው ቀን ቁመታቸው ጨምሮ ሁሉም ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው አገኘናቸው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ማስቀመጫውን ታዞራለች፣ ማታ ተመልሰው ዞረው ታገኛቸዋለች።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለማሳው ከአምስት አምስት። ለአትክልት ቦታው አራት። ለመንገዱ በሥራ ቀን አራት፣ ቅዳሜ ዜሮ። ምግቡን ተዉት።

ከመውጣታችን በፊት መሸጫው ጋ እማዬ ሽንኩርቱን ልግዛ አለች። ሆለታ ወስዳ ልትተክል። ሠራተኛዋ አሁን ማዘዝ ብቻ ነው፣ የሚላከው በመኸር ነው አለችን። እማዬ ደግሞ የምትመለሰው ሰኔ ላይ ነው። «ሰው አይጠፋም፣ ትልኪልኛለሽ» አለች። የዕፅዋት ጤና ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነገርኳት። «ታወጪያለሽ።» እሺ፣ ሌላም ችግር አለ አልኳት፣ ቱሊፕ ሦስት ወር ያህል በደንብ ካልበረደው አያብብም፣ የሆለታ ብርድ አይበቃውም። ትንሽ አሰበችና፣ «ፍሪጅ ምን ይሠራል?» አለች። ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። ሙቀት ያለበት አገር ያሉ ደንበኞች የሚያደርጉት ያንኑ ነው አለች፣ ብቻ ከፍራፍሬ ጋር አታስቀምጡት።

መኪና ውስጥ ገብተን ሆላንዶች በ1944 እና 45 ክረምት፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ ረሀብ ሲጠናባቸው ይሄንኑ ቀቅለው እንደበሉት ነገርኳት። ዝም አለች። ሜሪስቪል ስንደርስ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ፍራፍሬውስ ግድ የለም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ የምፈራው ምራቴን ነው። ቁሌት ታደርግብኛለች።»